የዐሥራ አንድ ሴኮንድ ሳል

ስሙን ብጠራው ቅር የሚለው፣ ባልጠራውም ምንም የማይጎድልበት አንድ አገር ነበር። እኔ እዚያ አገር በራዲዮ ጣቢያ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ስለ ራሱ የሚያወራው ነገር የለውም። የማወራችሁ የጣቢያው ዋና ባለሳል ስለ ነበረው ስለ ስንሻው ነው።

ባለሳል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። በዚያ አገር የራዲዮ ዝግጅት ሁሉ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው፤ መንግሥት ከሕዝቡ የሚደብቀው ነገር እንደሌለ በአዋጅ ተነግሮ ነበርና። ታዲያ የተጋበዘ እንግዳ ሁሉ አፉ ሊያመልጠው ይችላል። ድሮ እንዲህ ሲሆን ጣቢያው ድምፁን ጥፍት ያደርገው ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ሲናገር አምልጦት ድምፁ ለግማሽ ደቂቃ ቢጠፋ፣ ሕዝቡ መንግሥት ተገለበጠ ብሎ ጨው ሊያከማች ወደ ገበያ ነጎደ። ሚኒስትሮቹም ወሬውን ከሕዝቡ ሰምተው ኖሮ እዚያው ሰልፉ ላይ ተገኙ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ኮሚቴ ዝምታ ሕዝብን እንደሚያሸብር፣ ሳል ግን እንደማያሸብር በጥናት አረጋገጠ። ሰው ነውና ይስላል፤ ሰው ስለ ሳለ መንግሥት ወደቀ የሚል የለም።

ስለዚህ ባለሳል ተቀጠረ። ባለሳሉ መስታወት ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ይቀመጣል። እንግዳው ወደማይሆን ነገር ሲያዘነብል ቀዩን ቁልፍ ይጫናል፤ የእንግዳው ማይክሮፎን ከአየር ይወጣል፣ የእሱ ይገባል፣ ይስላል፣ ቁልፉን ይለቃል። አገሩ የሚሰማው ሳሉን ነው። እንግዳው ያለውን የሚሰማው ባለሳሉ ብቻ ነው፤ የጠያቂው ጆሮ እንኳ ጥጥ አለበት። ጥያቄውን ከወረቀት ስለሚያነብ መልሱ አይመለከተውም። ባለሳሎቹም የሰሙት እንዳይከብዳቸው በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ቀኝ እጃቸውን አንሥተው «ሰምቼ አልሰማሁም» ብለው ይምላሉ። የማሉትን እየቆጠርሁ የምመዘግበው እኔ ነበርሁ።

ሳሉ በዓይነት በዓይነቱ ነበር። ለዳቦ ዋጋ አጭር ደረቅ ሳል፣ ለሹማምንት ዘመድ አክታ ያለው ሳል፣ ለጦር ሜዳ ወሬ የታፈነ ሳል። የመመሪያው የመጀመሪያ መስመር ግን እንዲህ ይል ነበር፤ «በአገራችን ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ሴትም የምትወድ ሴት የለም።» ለእነዚህ ለሌሉት ሰዎች ልዩ ሳል ተመደበላቸው፤ ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም። ሦስትዮሽ ይባል ነበር። ከጣቢያው ዐሥራ አራት ባለሳሎች ዘጠኙ የሚሠሩት በሌሉት ሰዎች ላይ ነው፤ ሥራው ስለሚበዛባቸውም በየዓመቱ ተጨማሪ ሰው ይጠይቃሉ።

ስንሻው በሦስትዮሽ አቻ አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት ማር በሞቀ ውሃ በጥብጦ ይጠጣል፣ ብርድ ሲሆን አንገቱን ሳይጠቀልል አይወጣም፣ ቃሪያ አይቀምስም። ሦስተኛውን ሳል ሲጎትተው ራዲዮናቸውን «አይዞህ» የሚሉ አሮጊቶች ነበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቶ አንድ ቃል አላመለጠውም።

ኮሚቴው ያላሰበው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ከዋናው ከተማ ርቃ የምትኖር አንዲት ልጅ፣ ጓደኛዋን እንደዚያ አድርጋ የምትወድ፣ ከእሷ በቀር በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሰው ያለ የማይመስላት፣ ራዲዮ ከፍታ ሦስትዮሽ ትሰማለች። ማክሰኞ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት፣ እሑድ አራት። ብቻዋን አለመሆኗን ከመንግሥት አፍ ታረጋግጣለች ማለት ነው። ውሎ አድሮ እነዚያ የሌሉት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ በሦስትዮሽ ሰላም መባባል ጀመሩ። ኮሚቴው ይህን ሲሰማ ከጣቢያው ውጭ ሦስትዮሽ እንዳይሳል ደንብ አወጣ። በዚያው ወር ጉንፋን ገባና እስር ቤቶቹ ሞሉ፤ ከታሰሩት መካከል የኮሚቴው ሊቀመንበር ይገኙበታል።

ትርንጎ የምትባል ተውኔት ጸሐፊ የጣቢያውን መዝገብ ቤት ለማየት ያመለከተችው በዚህ ጊዜ ነው። ተፈቀደላት። የመንግሥት ሳል የመንግሥት ቅርስ በመሆኑ አንድም ሳል እንዳይጠፋ፣ እንዳይቆረጥ፣ ዜጋም ሁሉ መጥቶ የማዳመጥ መብት እንዳለው በሕግ ተደንግጎ ነበር። ይህን መብት እስከዚያ ቀን የተጠቀመበት ዜጋ አልነበረም። ትርንጎ ሁለት ዓመት ሙሉ ካሴት ስታዳምጥ ከረመች፤ ከዚያም የእነዚያን ሰዎች የአርባ ዓመት ታሪክ ተውኔት አድርጋ ጻፈችው። ሌላ ቦታ የተጻፈ ታሪክ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሳሉ ብቻ ነው።

ተውኔቱ ለኮሚቴው ቀረበ። እኔ አነብባለሁ፣ አምስቱ አባላት ይሰማሉ።

«እዚህ ላይ ዘፋኟ ‹ይህን ዘፈን ያወጣሁት ለ› ትልና?» አሉ የጉሮሮ ሹሙ፤ የመሥሪያ ቤታችን የበላይ ናቸው።

«ሳል ይላል» አልኋቸው።

«ያ ወታደርስ? ከግንባር ደብዳቤ የሚጽፈው?»

«‹ውድ› ይልና ሳል።»

«እና አንድም የማይሆን ቃል የለበትም ነው የምትለኝ?»

«የለበትም ጌታዬ። በማይሆነው ቃል ቦታ ሁሉ ሳል ነው የተጻፈው።»

የጉሮሮ ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይህን ያህል ዘመን ስንለፋ የነበረው ለዚህ ነበር» አሉ። «እኛ ሳንደርስባት በፊት ራሷ የሳለች ደራሲ ስናይ የመጀመሪያችን ነው።» ለትርንጎ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ተውኔቱም ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከቴአትር ቤቱ በቀጥታ እንዲተላለፍ፣ ሳሉ በተዋናይ ጉሮሮ እንዳይበላሽም ዋናው ባለሳል ራሱ እንዲስል ተወሰነ። አንድ አባል ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል፤ ተኝተው ነበር።

ረቡዕ ዕለት ትርንጎ ስንሻውን ልታነጋግረው መጣች። እሱ ማሩን በጥብጦ እየጠጣ ነበር።

«ጋሼ ስንሻው፣ አንድ ካሴት ላይ እንዲረዱኝ ፈልጌ ነው።»

«ሳሉ አልጠራም?»

«ሳሉማ ጥርት ያለ ነው። ዐሥራ አንድ ሴኮንድ። በአርባ ዓመት ውስጥ እንደሱ የረዘመ አላገኘሁም።»

ስንሻው ብርጭቆውን አስቀመጠ። የትኛው ካሴት እንደሆነ ሳትነግረው ገብቶታል።

ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት «ባለሙያ ይናገር» የሚባል የጠዋት ዝግጅት ነበር። አንድ ቀን አስማረ የሚባል ጥላ ጠጋኝ ቀረበ። ስለ ዘንግ፣ ስለ ሽቦ፣ ሰው ጥላውን አርጥቦ ሲያስቀምጥ ስለሚመጣው ዝገት አወራ፤ ጨዋታ አዋቂ ነበር። መጨረሻ ላይ ጠያቂው እንደ ወትሮው ከወረቀቱ «ሰላምታ ለማን ያደርሳሉ?» ብሎ አነበበ። እንግዳ ሁሉ ለባለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ለአለቃው ይላል። አስማረ አንድ ፊደል እንዳወጣ ስንሻው በልምዱ ከድምፁ ቃና ነገሩ የት እንደሚሄድ ስለ ገባው ቁልፉን ተጫነና ሳለ። ሰውየው አላቆመም፤ ስንሻውም አላቆመም። አስማረ ከጣቢያው በር አላለፈም። ለጉሮሮው ዕረፍት ተብሎ ጸጥታ መንደር ወደሚባል ቦታ ተወሰደ፤ በሦስተኛው ዓመት የሞት ወረቀቱ መጣ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ዝም ብሎ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«አብሮት የሚኖር ሰው ነበር» አለች ትርንጎ። «ጋሽ ላቀው ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረዋል። ያን ጠዋት ራዲዮ ከፍተው እየሰሙ ነበር። የሰሙት የእርስዎን ሳል ነው።»

«ሥራዬ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ። ጎረቤቶቻቸው ምን እንደሚሏቸው ያውቃሉ? ‹ደንግጦ ክዶሃል፣ እኔ እንደነዚያ አይደለሁም ብሎ ነው› ይሏቸዋል። መካድም ቢሆን ያው ሦስትዮሽ ነው የሚሳልበት አይደል?»

«ነው» አለ ስንሻው። መመሪያው እንደዚያ ነበር፤ «የለም» ማለት የመንግሥት ሥራ እንጂ ማንም እየተነሣ የሚለው አይደለም።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ሲያስቡ ኖረዋል። ስሜን ጠርቶ ይሁን ክዶኝ ይሁን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ ነው የሚሉት። ሌላ የሚፈልጉት ነገር የለም። የሰማ ሰው ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነው።»

«መሐላ አለብኝ።»

«ሰምተው አልሰሙም፤ አውቃለሁ።»

«ብናገር የሚወስዱኝን ቦታ ታውቂዋለሽ?»

«አስማረን የወሰዱት ቦታ ነዋ።»

አልለመነችውም። ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ ዞር አለች። «ቅዳሜ ጋሽ ላቀው ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። ተዋናያችን እዚያ ቦታ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ዝም ይላል። በአፉ የምናስገባለት ቃል ስለሌለን ነው።»

እነዚያን ሦስት ቀናት ስንሻው እንዴት እንዳሳለፋቸው ኋላ አጫውቶኛል። መሐላው አንድም ቀን ሠርቶለት አያውቅም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የሳለባቸው ሰዎች ሁሉ የተናገሩት ቃል በቃል ትዝ ይለዋል፤ ፂሙን ሲላጭ ይመጡበታል፣ ጫማውን ሲያስር ይመጡበታል። ሰኞ ሰኞ ይምላል፣ ማክሰኞ ያስታውሳል። አፍሮ ነበር። ፈርቶም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ከሀፍረቱ ይበልጥ ነበር። ዓርብ ዕለት ታምሜአለሁ ሊል ወደ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ጉሮሮውን አይተው፣ በአገሩ ውስጥ እንደሱ ጤነኛ ጉሮሮ እንደሌለ በጽሑፍ አረጋግጠውለት መለሱት።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቴአትር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የመስታወቱ ክፍል ከመድረኩ በስተቀኝ ከፍ ብሎ ተሠርቷል። እኔም የእያንዳንዱን ሳል ርዝመት እንድመዘግብ ስለ ታዘዝሁ ሰዓቴን ይዤ ከስንሻው ጎን ተቀመጥሁ። ላቀው ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ሸምገል ያለ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው።

ተውኔቱ ተጀመረ። ስንሻው ዘፋኟ ላይ ሳለ፤ ወታደሩ ላይ ሳለ፤ እኅትማማች ነን እያሉ ሠላሳ ዓመት አንድ መኝታ ቤት የተከራዩት ሁለት መምህራን ላይ ሦስት ጊዜ ሳለ። ሳሉ ወደ አየር እንጂ ወደ አዳራሹ አይወጣም፤ አዳራሹ ውስጥ የሚታየው ተዋናዩ አፉን ከፍቶ ዝም ማለቱ ብቻ ነው። ዝምታው ሲደጋገም ከኋላ አንድ ሰው ሦስትዮሽ ሳለ። ከዚያ ሌላ ሰው ከሰገነቱ መለሰለት። ጥቂት ቆይቶ ዝምታ በመጣ ቁጥር ግማሽ አዳራሽ ይስል ጀመር። የጉሮሮ ሹሙ ከክብር ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ሕዝቡ መመሪያውን እንዴት አድርጎ እንደ ተዋሐደው እያዩ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የጥላ ጠጋኙ ተራ ደረሰ። ተዋናዩ ስለ ዘንግና ስለ ሽቦ አወራ፤ ሰዉ ሳቀ። ጠያቂ ሆኖ የሚጫወተው «ሰላምታ ለማን ያደርሳሉ?» አለ። ተዋናዩ አፉን ከፈተና ዝም አለ። በዚህኛው ግን አዳራሹ ውስጥ የሳለ አልነበረም።

ስንሻው ቁልፉን ተጫነ። ትንፋሹን ሲስብ አየሁት። ትከሻው አልተንቀሳቀሰም፣ ደረቱ አልተናጠም። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ፣ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ መልእክት እንደሚያደርስ በዝግታ፣ ያንን የጥላ ጠጋኙን ሰላምታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረው። ከዚያ ቁልፉን ለቀቀ። ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ነበር። መዝገቡ ላይ ለሌላ ነገር የሚሆን አምድ ስላልነበረ «ሳል» ብዬ ጻፍሁ።

ይቺ አንዲት ቃል ሰኞ ዕለት ኮሚቴውን ከጭንቅ ገላገለችው፤ እግረ መንገዴን እሱንም ልናገር። ባለሳል ቢናገር ምን እንደሚደረግ መመሪያው ውስጥ አንድም አንቀጽ አልተገኘም። ባለሳል እንደማይናገር ግን በግልጽ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ አምስት ሰዓት ከፈጀ ውይይት በኋላ፣ ቅዳሜ የተሰማው ዐሥራ አምስት ቃላት የሚመስሉ ድምፆች ያሉበት ሳል መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስንሻውን መቅጣት ሳሉ ንግግር ነበር ብሎ ማመን ስለሚሆን፣ ስለ ረጅም አገልግሎቱ ተመስግኖ ከቁልፉ እንዲርቅ ተደረገ። ሳል መሆኑ ከጸደቀ ደግሞ ቅርስ ነው፤ አይጠፋም፣ አይቆረጥም፣ ዜጋ ሁሉ የማዳመጥ መብት አለው። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ያለው ሰልፍ ከጨው ሰልፍ ይረዝማል።

ይህ ሁሉ ግን የሰኞ ነገር ነው። ቅዳሜ ዕለት፣ ስንሻው ማዳመጫውን አውልቆ በመስታወቱ ወደ ታች ተመለከተ። በዚያች ሰዓት አገሩ በሙሉ ሰምቷል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ቆሟል፣ አውቶቡስ ነጂው መንገድ ዳር ይዟል፣ ያቺ ሩቅ ከተማ ያለች ልጅ ሰምታለች። ያልሰማ ቢኖር አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ ነው። ላቀው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ሙሉ የተዋናዩን ከንፈር ሲያይ ቆየ፤ ተዋናዩ ሰላምታውን ጨርሶ እጅ ሲነሣ አንገቱን ደፋ።

«አልሰማም» አለኝ ስንሻው።

«ማን?»

«ሰላምታው የተላከለት።»

ተነሥቶ በደረጃው ወረደ። እኔም መዝገቤን እንደ ያዝሁ ተከተልሁት፤ በሥራ ዘመኔ ሳልታዘዝ ከወንበሬ የተነሣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መድረኩ ላይ ተውኔቱ ቀጥሏል። ስንሻው በተመልካቹ እግር መካከል እየተሹለከለከ ሄዶ ላቀው ወንበር አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጋሽ ላቀው፣ ያን ጠዋት የሳልሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ዞር ብሎ አየው። «ድምፅህን አውቀዋለሁ» አለው።

«አልካደዎትም። ስምዎን ጠርቷል።»

ላቀው ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «እሱ እንዳለው በለኝ» አለ። «ከራስህ አንድ ቃል አትጨምርበት።»

ስንሻው አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያው ቃል ላይ ጉሮሮው ያዘው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ሳለ። አገር ፊት ያልከዳው ጉሮሮ አንድ ሰው ፊት ከዳው። ፊቱ ቀላ፣ ከኋላ ያሉት ዝም በል ይሉት ጀመር።

«ቀስ በል» አለው ላቀው። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፤ አልቸኩልም።»

በሦስተኛው ወጣለት።

«‹ለላቀው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርሁት፣ የምወደው ሰው ነው። ላቀው፣ ዛሬ እዘገያለሁ፤ ምሳህን ሳትጠብቀኝ ብላ።›»

ላቀው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ ደገመው። «እዘገያለሁ አለኝ?»

«አዎ።»

«አውቆት ነው እንግዲህ እንደማይለቁት።» መድረኩን አየ፤ የሚያየው ግን መድረኩን አልነበረም። «እኔ ወጡን እያሞቅሁ እስኪመሽ ጠበቅሁት። ባትስል ኖሮ ያን ጠዋት ምን ይመጣ ነበር?»

ስንሻው አሰበ። ሹማምንቱን አሰበ፣ ኮሚቴውን አሰበ፣ ሃያ ሰባቱን ዓመት አሰበ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ሳል አልነበረውም።

«ምንም» አለው።

ላቀው ራሱን ነቀነቀ። ኮፍያውን ደፋና የስንሻውን ትከሻ ተደግፎ ተነሣ። ትርንጎ ከመድረኩ ጥግ እየሮጠች መጥታ መተላለፊያው ላይ ክንዱን ያዘችው።

«ጋሽ ላቀው፣ ተውኔቱ እኮ ገና ነው። የት ሊሄዱ ነው?»

«ምሳዬን ልበላ» አላት፤ እንባውን አልጠረገውም፣ በሩን ገፍቶ ወጣ።